ስለ ባልደረባዬ ዓይንና ስለ እህቴ ሴሎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎና ከሁለቱም ዓይኖችዎ ጋር በፍጹም ጤንነት እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ላብራቶሪያችን ስለላኩልን ጥበቃዎች ሳላመሰግንዎ ብቀር ነውር ነው። እኔና ባልደረባዬ ከታላቅ እህቴ የታመመ አንጀት በቀዶ ሕክምና የተወሰዱ ሴሎችን ከባክቴሪያ ጋር በአንድ ሳህን እናሳድግ ነበር፤ የትኛው ባክቴሪያ አንጀቷን እንደሚያቆስል፣ የትኛውስ እንደሚያሽርላት ለመለየት። ክቡርነትዎ ግን «ከሰው ሥጋ በሽታ ያራባሉ» የሚል ወሬ ሰምተው፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁን ባለዱላዎችን ላኩልን።

፩. በሩ አልተቆለፈም ነበር። ከነማጠፊያው ስለገነጠሉት ግን አሁን አየር እንደ ልብ ይገባልናል፤ እግዜር ይስጥልን።

፪. ሴሎቹ የሚያድጉበትን የሙቀት ሳጥን ወለሉ ላይ ፈጠፈጡት፤ ሳህኖቹን በጫማ አደቀቁ፤ በላዩ በረኪና ደፉበት። የእህቴ ሐኪም ሌላ ናሙና ለማግኘት ሆዷ እንደገና መከፈት አለበት አለን። እህቴ ይህን ስነግራት፣ «ምን አድርጌያቸው ነው የረገጡኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ከክቡርነትዎ እጠብቃለሁ።

፫. ባልደረባዬ «ወንድሞቼ፣ ተዉ! መድኃኒት ፍለጋ ነው!» እያለ ሳጥኑን በደረቱ ሲከልል፣ አንዱ ግራ ዓይኑን በዱላ አፈረጠው። ከወደቀ በኋላም ጎድኑ እስኪሰበር ረገጡት። ላስጥለው ስሮጥ ጸጉሬን ጨብጠው ከግድግዳ ጋር አላተሙኝ። አምቡላንስ ውስጥ ደሙ አፉ እየገባ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳህኖቹስ?» እኔም ዋሸሁት፤ «ደኅና ናቸው» አልኩት።

፬. በማግስቱ ባወጡት መግለጫ «በንጽሕና እርምጃው በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ብለዋል። ዓይን ብቻውን ሰው አይባልምና ቃልዎ እንከን የለውም።

ደስ እንዲልዎ፣ እህቴ ዳግም ለመቀደድ ፈርማለች፤ «ያ ልጅ በከንቱ ተመትቶ አይቀርም» ብላ። ባልደረባዬም ዛሬ ፋሻው ሳይፈታ ሥራ ገብቷል፤ በማይክሮስኮፕ ለማየት አንድ ዓይን ይበቃል ይላል። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ከግድግዳ ጋር በቅርበት ስላስተዋወቁኝ ውለታዎን የማልረሳ፣

የሴል ተመራማሪዋ

ማስታወሻ፦ ባክቴሪያ በእያንዳንዱ ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ፣ በክቡርነትዎም ጭምር፣ ከሴሎች ጋር አብሮ ይኖራል። ለጥበቃዎቹ እንዳይነግሯቸው አደራ፤ ሆድዎን ሊያጸዱልዎ ይመጣሉ።