ሳይደርቅ የተከመረ ሣር

ጫልቱዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አላገኝም፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል ውሸት ይሆንብኛል። ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሆነን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ሚስቴ አንድ ገጽ ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ። ዛሬም ብዕር ያስያዘኝ ልጃችን ታደሰ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ይወስደኛል። ከዚህ ቤት ሳልወጣ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር አለ።

ታመሽ ሳለ አደራ ያልሽኝ ሁለት ነገር ነበር፤ የአባትሽ ቤት በሩ እንዳይዘጋ፣ ላማችን ቡሬም ከግቢው እንዳትወጣ። እጅሽን ይዤ ቃል ገባሁልሽ። ሙት ዓመትሽ እንኳ ሳይደርስ ሁለቱንም አጠፋሁ።

ክረምቱ እንደምንም አለፈ። የሱሉልታ ሜዳ እንደ ልማዱ ውሃ ተኛበት፤ እኔም ቤት ውስጥ ተኛሁ። ያንቺን መደብ እያየሁ መዋል ሲያቅተኝ ወደ በረቱ እወጣለሁ፣ ጭቃው ሲያሸንፈኝ እመለሳለሁ። ጡረታ ወጥቼ እዚህ አባትሽ ቤት የመጣን ሰሞን ከረባቴን እንዳሰርኩ እዚያው ጭቃ ላይ ስዘረጋ፣ መጀመሪያ ከልብሽ ስቀሽ በኋላ ያነሣሽኝን አስታወስኩ። ዘንድሮም ወደቅሁ። የሚስቅ ስላልነበረ ብቻዬን ተነሣሁ።

እዚህ አብረን የኖርነው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አንድ ክረምት፣ አንድ መኸር፣ አንድ በጋ፣ አንድ በልግ። በዚያች አንዲት ጥቅምት አንቺ ከታጨደው ሣር እፍኝ እያነሣሽ መድረቁን ለማወቅ ስትጠመዝዢ፣ ድርቆሹ ከተከመረ በኋላም ክንድሽን እስከ ብብትሽ ከተሽ ሙቀቱን ስትፈትሺ፣ እኔ ወንበር አውጥቼ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። ና እይ ስትዪኝ ለከርሞ እማራለሁ አልኩሽ። ከርሞ ደረሰ፣ አስተማሪዬ ግን የለሽም።

አገሩ ልማድ አለው። ሐዘን የገባበትን ቤት ሣር የሚያጭደው ጎረቤት ነው፤ ጥሪ አይጠብቅም፣ ቀኑንም ራሱ ይቆርጣል። እኔ ይህን አላወቅሁም። ጥቅምት ገብቶ ሣሩ ሲደርስ፣ ደጄን የረገጠ ሰው ሳጣ ጊዜ፣ እሷ ከሞተች ወዲያ እኔን ማን ይቆጥረኛል ብዬ ተቀየምኩ። የእኔን ኩርፊያ ታውቂዋለሽ። ከተማ ወርጄ የቀን ሠራተኞች አመጣሁ። በሁለት ቀን አጭደው ጨረሱት። ሰማዩ ላይ ደመና አየሁና ዛሬውኑ ከምሩት አልኳቸው። ሣሩ ገና እርጥብ ነበር። አንደኛው ይቆይ እንጂ አባቴ ቢለኝ ተቆጣሁት። ከምረውልኝ ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ኦቦ ጉተማ የሠፈሩን ሰው አስከትለው መጡ። ወንዶቹ ማጭድ ይዘዋል፣ ሴቶቹ ምግብ ተሸክመዋል። ሜዳው ተላጭቶ ሲያዩት ሁሉም ባሉበት ቆሙ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ፣ ሥራው አልቋል፣ ሰው ማስቸገር አልፈለግሁም አልኩ። ኦቦ ጉተማ ለሰዎቻቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አንቺ ብትኖሪ ትነግሪኝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ጋሼ፣ እሷ እኮ የእኛም እህት ነበረች” አሉኝ። ምግቡን ደጃፌ አስቀምጠው ሁሉም ተመለሱ። ቆሜ ጀርባቸውን ሳይ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ፤ ሊያዝኑልሽ የመጡትን ሰዎች በር ላይ መለስኳቸው። ሮጬ ይቅር በሉኝ ማለት ነበረብኝ። ጫልቱዬ፣ አፈርኩና ገብቼ ተቀመጥኩ።

ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ከክምሩ የሚነሣ ነገር አያለሁ። ጉም መሰለኝ። ክንዴን ብከት ፈጀኝ። ክምሩን ስንደው ውስጡ ጠቁሮ ሻግቷል። ቡሬ አሽትታ ፊቷን አዞረችብኝ። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ በሜዳው የቀረውን ጥቂት ሣር አቃጠለው፤ የላሚቱ ጎድን ከሩቅ ይታይ ጀመር። ጥር ላይ ኮቴን ለብሼ ወንዙን ተሻገርኩና ኦቦ ጉተማን ይቅርታ ጠየቅሁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ከራሳቸው ድርቆሽ ሁለት አህያ ጭነት ላኩልኝ። እስከ መጋቢት አደረሰን። ሚያዝያ ላይ በልጉ ቀረ። አንድ ጠዋት ቡሬ ከተኛችበት መነሣት አቃታት፤ ሰው ጠርቼ ደግፈን አቆምናት። ለኦቦ ጉተማ ውሰዷት አልኳቸው። አሁን እሷ እዚያ ወፍራለች። አመሻሽ ላይ ከማዶ ስትጮህ እሰማታለሁ፤ እኔን እንደማትጠራ አውቃለሁ።

ታደሰ መልካም ልጅ ነው፤ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቅዳሜ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለኦቦ ጉተማ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጡረታዬ ከደረሰ በኋላ አምስት ዓመት ተጨማሪ ሠራሁ። በየዓመቱ ክረምቱ ሊገባ ሲል አንቺ እንግዲህ አገሬ ልንገባ ነው ብለሽ ዕቃሽን ታስሪያለሽ፤ እኔ ደግሞ ከቢሮ መጥቼ አለቆቼ ዘንድሮም አንለቅህም አሉኝ እልሻለሁ። ባልሽ የሚፈለግ ሰው በመሆኑ ደስ ይልሽ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ትነግሪያለሽ። ጫልቱዬ፣ የያዘኝ ሰው አልነበረም። የማራዘሚያውን ማመልከቻ በየዓመቱ በገዛ እጄ ጽፌ የማስገባው እኔው ነበርኩ። እዚያ ስገባ የሚነሣልኝ ሰው ነበር፤ እዚህ ግን የጫልቱ ባል ብቻ ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የተሻለ ስም እንዳልነበረኝ የገባኝ አሁን ነው።

ያኔ ብንመጣ ኖሮ አምስት ጥቅምት ካንቺ ጋር ሜዳው ላይ እቆም ነበር። የሣሩን እርጥበት በእጄ አውቅ ነበር፣ ሰዎችሽንም አውቃቸው ነበር፣ በሩም ባልተዘጋ። የቀማሁሽ አምስት ዓመት ነው፤ የቀረሽ ደግሞ አንድ ብቻ እንደነበረ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

አልረሳሽም ብዬ ቃል ብገባ ማን ያምነኛል? እርጅናው ገፍቶ ከመጣ ድምፅሽም ሊጠፋብኝ ይችላል፣ መልክሽም። አንድ ነገር ግን እስክሞት ይዤው እኖራለሁ፤ ውሸቴን ሰምተሽ፣ ይሁን ለከርሞ ብለሽ፣ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ያሰርሽውን ዕቃ መልሰሽ ስትፈቺ። አምስት ጊዜ አየሁሽ። አምስቱንም ጊዜ ዝም አልኩ።

ባልሽ፣
በላቸው