ደብረ ኤልያስን ለማስመለስ

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለፍቅርአዲስ፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ክስ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ ሠርተሽ በላክሽልን የቃላት ጨዋታ ወረቀት ጥግ ላይ የተሳለው በግ ላት የለውም። የሰቀለው የውሻ ጅራት ነው። ለመሆኑ ድሬዳዋ ለበዓል የምታርዱት ምንድን ነው? ባልሽን አብይን ጠይቂና ቁርጡን ንገሪኝ።

ክሴን ከጨረስኩ እንግዲህ፣ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል? የወለቀው የልጅሽ የሙሉብርሃን ጥርስ በቀለ ወይ? የአብይ ወገብስ ተሻለው? እናቱስ ጉልበታቸው እንዴት ነው? እኛ ክረምቱን ጉንፋን እንኳ ሳይደፍረን አሳልፈናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ገብሱ እሸት ይዟል፣ ጭቃው ግን ገና አልለቀቀንም። ይህን በስልክ ያልጻፍኩልሽ ባለቤቴ እቴናት ስልኬን ስለምታነበው ነው። ነገሩ የወንድሟ ነገር ነው።

ወንድሟ ደምለው ባለፈው ገና ምን እንዳደረገኝ በወሬ ሰምተሽ ይሆናል፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማሽም። የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች የላክሽልን ያኔ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ለቤተሰቡ ሁሉ አደልኩ። ልጆቹ በፊደል ከተሞላው ሰንጠረዥ ውስጥ «እረኛ»ን፣ «ግርግም»ን እየፈለጉ ሲያከቡ፣ እኔ ነገር ካላጣፈጥኩ የማይሆንልኝ ሰው፣ እኛም በእንቆቅልሽ ሕግ እንጫወት አልኩ፤ ያቃተው ሀገር ይሰጣል፣ ሀገር የተሰጠው ደግሞ መልሱን ያሳያል። ያቃተኝ እኔው ሆንኩ። ማንበብ የተማርኩት ከሳሙና ካርቶን ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ካርቶን ላይ ቃል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል እንጂ እንደ ጦጣ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ደምለውም ሀገር ስጠኝ አለ። ደጀንን ሰጠሁት፤ የመኪና ጡሩምባ ምን ያደርግልኛል አለ። ጉንደ ወይንን ሰጠሁት፤ እሱን አልፌው ነው የምሄደው አለ። በመጨረሻ አፌ አመለጠኝና የተወለድኩባትን ደብረ ኤልያስን ሰጠሁት። ያን ጊዜ ተነሥቶ፣ «ደብረ ኤልያስ ገብቼ፣ ሙክቱን በልቼ፣ ጠጁን ጠጥቼ፣ ለእንዳላማው አጥንቱን ትቼ» እያለ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው።

ከዚያ ወዲያ ገዛኝ። ወደ ደብረ ኤልያስ ገበያ ስነሣ መንገድ ላይ ያቆመኝና ወደ ግዛቴ ስትገባ ኮፍያህን አውልቅ ይለኛል። እኔም እስቃለሁ፤ በእሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ አደርግ ነበር። ግንቦት ላይ ግን የአያትሽን የወለተ ማርያምን ሙት ዓመት ልናወጣ ደብረ ኤልያስ ሄደን ሳለ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «እንዳላማው፣ እናትህም እኮ የእኔ ጭሰኛ ሆነች» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰሃኔን ግን ወደ ጎን ገፋሁት። እናቴ ዕድሜዋን በሰው መሬት ላይ ስትለፋ ኖራ፣ የራሷን መሬት ያገኘች ቀን አፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ያስገባች ሴት ናት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ የእንቁጣጣሹን ስትልኪ የልጆቹን ለልጆቹ አሳተምኩና የትልልቆቹን ለብቻው አስቀረሁት። ከሰንጠረዡ ሥር ፈልጉ ተብለው ከተጻፉት ቃላት አንዱ «እንግጫ» ነው፤ ያ አያትሽ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አስነቅላ ምሰሶው ላይ ታስረው የነበረው ሣር። ከሰንጠረዡ ውስጥ ካሉት ከአራቱ ፊደሎቹ በአንዱ ላይ፣ ከሌላ ወረቀት የቆረጥኳትን አንዲት «በ» በሙጫ ለጠፍኩበት። ከዚያ ኮፒ አስደረግሁት። ኮፒ ጠባሳ አያሳይም። ቃሉ ከሥር ተጽፏል፣ ከላይ ግን የለም። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ደምለው በበዓሉ ምሳ ላይ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ይቺን ጠላዬ ሳይጎድል እጨርሳታለሁ አለ። ጠላው አለቀ፣ ማድጋውም አለቀ። ሌሎቹን ቃላት ሁሉ አገኘ፤ እንግጫ የለም። ይኸው እስካሁን ወረቀቷ ከደረት ኪሱ አትወጣም። የእድር ስብሰባ ላይ ዘቅዝቆ ሲያያት ደረስኩበት። ሚስቱ የብርጓል በእንቅልፉ እንግጫ፣ እንግጫ እያለ ይቃዣል ብላ ለእቴናት ነገረቻት፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በጋቢዬ ይዤ ሳቅሁ። ደጀንን ልስጥህ አለኝ፤ የመኪና ጡሩምባ ምን ያደርግልኛል አልኩት። ጉንደ ወይንን አለኝ፤ አልፌው ነው የምሄደው አልኩት። ደብረ ማርቆስን ከነገበያዋ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ደብረ ኤልያስን ትመልሳለህ፣ ሀገሯ የእናትህ ናት ብለህም በአፍህ ትናገራለህ አልኩት። ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ወጣ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዓይኑን አላየሁትም። እቴናት የሠራሁትን ባታውቅም፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያለች በጎን ትወጋኛለች። እኔ ግን አልራራሁም። እንዲያውም ይህን የምጽፍልሽ ለገና ከአንድም ሁለት ቃል የጎደለው ወረቀት እንድትሠሪልኝ ነው። ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ጀምሪ…

ቆይ፣ ውሻው ጮኸ። በሩ እየተደበደበ ነው። በመስኮት ሳይ ደምለው ነው! እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። በአንድ እጁ ወረቀቷን፣ በሌላው አንድ እቅፍ እንግጫ ይዟል። እየጮኸ የሚለውን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «እንዳላማው፣ ክፈት! ወረቀትህ ላይ ባጣው ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄጄ ነቀልኩት! ከእናትህ መቃብር ላይ አኑሬላት የተረፈውን ለምሰሶህ አመጣሁ። ሀገሯ የእናትህ ናት፣ የእሷ ናት፣ በቃኝ! አሁን ቃሉ የት እንዳለ አሳየኝና እንቅልፌን ልተኛበት!»

ፍቅርአዲስ፣ ጉዴን አየሽ? ሀገር የተሰጠው መልሱን ያሳያል፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የት ብዬ ላሳየው? ደግሞ ያን ሣር ሳይ ዓይኔ ምን እንደገባበት እንጃ፣ ፊደሉ እየደበዘዘብኝ ነው። የገናውን ተይው፤ አትሥሪው። እቴናት መወርወሪያውን እየሳበች ነው። እውነቱን ልነግረው ነው፤ ስነግረው ሀገር ሰጪው ዞሮ እኔ እሆናለሁ። ደብረ ማርቆስን ከነቤቴ ይውሰዳት፣ የእናቴን ግን አልሰጥም።

አብይን ሰላም በይልኝ። ሙሉብርሃንን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአብይ እናት ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። እቴናት ሁላችሁንም ስማችኋለች፤ ደምለውም ከነጭቃው።

አጎትሽ እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ፣ እስከዚህች ደቂቃ የእኔ
መስከረም ፲፬ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.