ያላነበብክልን ገጽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትክ? "እኔ ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ስለሰለቸኝ ተውኩት።

አባትህ ከሞተ በሦስተኛው ወር፣ ባለፈው ሰኞ፣ ከሆስፒታሉ "ለሟች ቤተሰብ" የሚል ደብዳቤ መጣ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ልቡ ውስጥ የገባው፣ የሞተ ሥጋ ይጠግናል የተባለው ግንደ ህዋስ አልነበረም ይላል። ጨው ውሃ ነው።

በማግስቱ ሄድኩ። ሐኪሟ አልሸሸችኝም። "እማማ፣ ጥናት ስለሆነ ግማሹ ሕመምተኛ ግንደ ህዋሱን ይወስዳል፣ ግማሹ ጨው ውሃ። ለማን ምን እንደደረሰ እኛም አናውቅም ነበር" ብላ አባትህ የፈረመበትን ወረቀት ገለጠችልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።

ትዝ ይልሃል? የሐኪም ቋንቋ አልገባን ሲል ወረቀቱን ፎቶ አንስተን ልከንልህ በስልክ ያነበብክልን አንተ ነህ። ከዳሌው አጥንት መቅኔ ይቀዳሉ፣ ግንደ ህዋሱን ለይተው ያባዛሉ፣ የሞተውን የልቡን ጡንቻ ይጠግኑበታል አልከን። ለካ ከሁለተኛው ገጽ ወደ አራተኛው ዘለህ ኖሯል። ተስፋውን ላለመቁረጥ አንጀትህ አልችል ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። አባትህም "ልጄ ባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀን ከሌት የሚለፋበት ነገር እኔን ሊጎዳኝ ነው?" ብሎ ሊፈርም ሄደ።

መርፌውን ከወሰደ ከወር በኋላ "ልቤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኗል!" እያለ መንደሩን አደረቀው። ወደ ልስን ሥራው ተመለሰ። አንተም "እማዬ፣ ሲሠራ ቀርጸሽ ላኪልኝ፤ ለባልደረቦቼ ላሳያቸው" አልክ። እኔም አጅሪት ስልኬን ደግኜ ሕንፃው ሥር ቆምኩ። በእንጨት መወጣጫው ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። እጁን ሲያወዛውዝልኝ ከንፈሩ መጥቆሩን አይቻለሁ። "ውረድ" ማለት ነበረብኝ። "ወደዚህ ዙር፣ ፊትህ አይታይም!" ነው ያልኩት። በስምንተኛው ቀን፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኳትና "ምስኪን፣ ሳያውቅ ሞተ" አልኳት።

ወረቀቱን አጠፈችና "ጨው ውሃ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር" አለችኝ። "ከመፈረማቸው በፊት ቁጭ አድርጌ አስረድቻቸዋለሁ። 'ገብቶኛል፤ ልጄ ግን ይህችን ገጽ ዘሎብኛል። መስማቴን ካወቀ ያፍራል። አደራ፣ ቢደውልልሽ አልነገርኩትም በይልኝ' አሉኝ።"

ግንደ ህዋሱን የወሰዱትስ ዳኑ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ገና አልታወቀም አለች። ተነስቼ ወጣሁ። 

ልጄ፣ አባትህ ያን ፎቅ የወጣው ድኖ አይደለም። በመዳኑ እርግጠኛ ሆኖም አይደለም። አንተ ፊት የዳነ ለመምሰል ነው። እኔን እንኳ አላማከረኝም፤ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ምስጢሩን ለማያውቃት ሐኪም ሰጣት። እናንተ ሁለታችሁ ስትተዛዘኑ፣ በመሃል ቪዲዮ ቀራጯ እኔ ሆንኩ።

ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። ብርድ ልብስህን ደርብ፤ ምግብ አትዝለል። ፈጣሪ እጅህን ለሰው መድኃኒት ያድርገው፤ ከምላስህም ሐሰትን ያርቅ።

ትናንት ሦስት ጊዜ ስትደውል ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ድምፅህን ከሰማሁ ይቅር እልሃለሁ። ለዚያ ደግሞ ገና አልደረስኩም።

እናትህ