ትርንጎ፣ ስትጠብቂው የነበረው ክፍል ሁለት መጣ

ለውዷ ባለቤቴ ለትርንጎ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ የምለው አጥቼ አይደለም። ለሞተ ሰው መጻፍ የማይረባ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። አሁን ግን ላንቺ ካልሆነ ለማንም ብነግረው የማይገባው ነገር ገጠመኝ። ክፍል ሁለት መጣ። ያ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም ሌላ ዓመት፣ ከዚያም እስከ መጨረሻሽ ስትጠብቂው የኖርሽው የተኩስ ጌም መጣ። እኔም ተጫወትኩት። አዎ፣ እኔ አያሌው። ከድንጋጤዬ ገና አልወጣሁም።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሕይወት እዚያው ሐዋሳ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ቅንድቧ ያንቺ ነው ይላሉ፣ እኔ የአራስ ልጅ ቅንድብ አይታየኝም። በበራችን የሚያልፈው የቧንቧ ውሃ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈ። አነጣጠፉ እንደሆነ አሳፋሪ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ግማሹ ተነቅሎ ቁልቁል እንደሚወርድ ለቀበሌው በጽሑፍ አስታወቅሁ፣ ወረደም። እኔ አሁንም ማለዳ ማለዳ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፤ ፋብሪካው የሸመነውን ጨርቅ እመረምራለሁ፤ ቀለሙ የዘለለውን እመልሳለሁ፤ እንደምረገም እያወቅሁ እውላለሁ። ማታ የማገኘው ቤት ግን ድምፅ የለውም። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ያንቺ ቤት ድምፅ ነበረው። የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ሐኪሙ ልብሽ ዳገት አይችልም ካለ በኋላ ነው። ደሴ ላይ ዳገት አትውጪ ማለት ከቤት አትውጪ ማለት ነው። ማስተማሩን ተውሽ፤ ሕይወት ትዳር ስትይዝ ጥላው የሄደችው ኮምፒዩተር አጠገብ ተቀመጥሽ። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ተመልሼ በሩን ልከፍት ስል ከውስጥ የተኩስ እሩምታ ሰማሁ። ዘልዬ ገባሁ። ነጠላሽን ደርበሽ፣ መነጽርሽን አፍንጫሽ ጫፍ ላይ አድርገሽ፣ "ውረድ! ውረድ ብዬሃለሁ!" እያልሽ ትጮሂያለሽ። "ምን ነካሽ አንቺ ሴት?" አልኩሽ። ዞረሽ እንኳ አላየሽኝም። "ቆይ አያሌው፣ ከኋላዬ አንድ ቀርቷል" አልሽኝ።

ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ጎረቤት የምትሸሸግ ሴት! የጂኦግራፊ መምህርት! በዚያ ዕድሜሽ!

ጌሙ በበረዶ ተራራ ላይ ተከቦ ስለቀረ የወታደሮች ቡድን ነበር። አዛዥዋ አንቺ ነሽ፤ ከሥርሽ ሦስት ወታደሮች አሉ፤ ስማቸውን የምታወጪው ራስሽ ነሽ። አንደኛውን በእድራችን ሰብሳቢ ስም ጠራሽው፤ ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ፈንጂ ረግጦ ሞተ። በሳምንቱ ሰብሳቢው ራሳቸው ሊጠይቁሽ ሲመጡ ሳቅሽን መያዝ አቅቶሽ ሳል አስመስለሽ ጓዳ ገባሽ። እኔ ያን ዕለት ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። የሌሎቹን ስም ግን ደብቀሽኝ ነበር።

ክፍል አንድን የጨረስሽ ቀን ፊትሽ ደስ የሚል አልነበረም። "እንዴት አለቀ?" ብዬ በሽሙጥ ጠየቅሁሽ። "ክፍል ሁለት ሲመጣ ታያለህ" አልሽኝ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጌም ቤት ያለው ጎረቤታችን ሰይድ ከኢንተርኔት እያነበበ ወሬ ያመጣልሽ ነበር። መጀመሪያ ለመስከረም ተባለ። መስከረም ሲደርስ ለፋሲካ ተባለ። ፋሲካ ሲያልፍ ሠሪዎቹ "ጥራቱን ለመጠበቅ ስንል አዘግይተነዋል" አሉ። በጥራት ሥራ ሃያ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ጥራት የሚል ቃል ለስንፍና መሸፈኛ ሲሆን ደሜ ይፈላል። ሁለት ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፌ ከደሴ ፖስታ ቤት ላክሁላቸው። ሰይድ ፊት እንዴት ሳቅሽብኝ! "አያሌው፣ የፋብሪካህ ጨርቅ መሰለህ እንዴ የምትመልሰው?" አልሽኝ። መልስ አልመጣም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲራዘም ግን አልሳቅሽም። "ከእሱና ከእኔ ማን ይቀድም ይሆን?" አልሽ። እኔ ደግሞ ፍርሃቴን በቁጣ ማውጣት እንጂ ሌላ የማላውቅ ሰው፣ እንደዚህ ያለ ነገር ከአፍሽ ከወጣ ጌሙን ከነኮምፒዩተሩ አጠፋዋለሁ ብዬ ጮህኩብሽ። በወሩ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ገባሽ። በእግርሽ ሄደሽ በሣጥን መለስኩሽ።

አሁን የምነግርሽ ጥፋቴን ነው። አርባሽ ሳይደርስ ልብስሽ ለነፍስሽ መሰጠት ነበረበት። በእናቴ ቤት የሟች ልብስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ነው የሚሰጠው፤ የሚቀበለው ሰው የሞተውን ሰው ጠረን ይዞ እንዳይሄድ ነው። እኅቶችሽ እናጥባለን ቢሉ እምቢ ብዬ ሁሉንም በእጄ አጠብኩት። ኮምፒዩተሩን ሕይወት ለአንዲት ችግረኛ ተማሪ እንስጥላት አለችኝ። መልካም አልኩ። ያም የሟች ዕቃ ነውና ንጹሕ ሆኖ መሰጠት አለበት ብዬ አሰብኩ። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወስጄ ለቴክኒሻኑ ምንም ሳይቀር አጽዳው አልኩት። "ፋይል አለበት እኮ፣ ላስቀምጥልዎት?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜም ተቆጣሁት። አንዲት ነጥብ ሳይቀር አጸዳልኝ። ሥራዬን በሚገባ ሠራሁ ብዬ በኩራት ወደ ቤቴ ገባሁ፣ ትርንጎ። በኩራት!

ባለፈው ወር ቅዳሜ ጠዋት ሰይድ ከጌም ቤቱ በር ላይ ጠራኝ። "ጋሼ አያሌው፣ መጣ እኮ!" አለኝ። ማን መጣ ስለው "የእትዬ ትርንጎ ጌም!" አለኝ። ውጭ አገር ከወጣ ወራት አልፎት፣ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ደሴ የገባው ገና በዚያ ሳምንት ነው። እግሬ ለምን ወደ ውስጥ እንደገባ አላውቅም። ቤቱ ባዶ ነበር። ሰይድ ወንበር ሰጠኝና እንዲህ አለኝ፦ "የክፍል አንዱን ፋይል ካመጡልኝ እሳቸው ካቆሙበት ይቀጥላል። ወታደሮቹም ስማቸውም፣ እሳቸው ያደረጉት ሁሉ እንዳለ ይመጣል።"

ያደረግሽው ሁሉ፣ የመረጥሽው፣ የሳትሽው፣ በገዛ ጣትሽ የጻፍሽው ስም በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከልብስሽ ጋር አጥቤ ሰጠሁት። ለሰይድ ነገርኩት። በሕይወቴ ላንድ የጌም ቤት ባለቤት ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰይድ መሳቢያውን ከፍቶ በፌስታል የተጠቀለለች ፍላሽ አወጣ። "ጋሼ፣ እንዳይቀየሙ። እትዬ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲሉ አደራ ብለው ሰጥተውኝ ነው። 'አያሌው ተናዶ ያጠፋብኛል፣ ክፍል ሁለት ሲመጣ ፋይሌን ራሱ ከፈለገው ብቻ ስጠው' ብለውኛል። ወላሂ፣ እስካሁንም ይከብደኝ ነበር" አለኝ። አያሌው ይመጣል ብለሽ ጠብቀሽ ነበር ማለት ነው። ደግሞም አላመንሽኝም ነበር። የትኛው የበለጠ እንዳስደነገጠኝ አላውቅም። ያላመንሽኝ ግን ትክክል ነበርሽ።

ጀመርን። ጌሙን እንደ ሥራዬ አድርጌ ልገምግምልሽ፤ ትጠይቂኝ ነበርና። በረዶው ድንቅ ነው፤ ሲረገጥ እንኳ የሚሰማው ድምፅ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጠመንጃው ክብደት አለው፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋሻል፤ በክፍል አንድ እንደ መጥረጊያ ይቀል ነበር ብለሽ ያማረርሽው ታርሟል። የጠላት ወታደሮች ግን አሁንም ሞኞች ናቸው፤ ጓደኛቸው አጠገባቸው ወድቆ እነሱ ግድግዳ ያያሉ። ይህን ለመሥራት ነው ሦስት ጊዜ ያራዘሙት? የታሪኩ አጀማመር ተንዛዝቷል። ካርታው የሚነበበው በጭንቅ ነው፤ አንቺ ብትሆኚ ሰሜኑ ወዴት ነው ብለሽ ትጮሂ ነበር። እኔ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስድስት ጊዜ ሞትኩ። በሰባተኛው አንድ ጠላት መታሁና "ያዝ!" ብዬ ጮህኩ። ሰይድ በሳቅ ሞተ። "እትዬም እንደዚሁ ነበሩ" አለኝ።

ከዚያ አንድ ድልድይ ጋ ደረስን። አንድ ጢማም ሰው፣ ግንባሩ ተኮሳትሮ፣ ጠመንጃውን ደግኖ መንገድ ዘጋብኝ። ከራሱ በላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስሙ ተጽፏል። አያሌው ይላል።

እኔ ነኝ። ከነኩርፊያዬ።

ሰውየው የሚለውን አነበብኩ። በመጨረሻው ውጊያ ቆስሎ ነበር፤ አዛዥዋ በረዶ ውስጥ ጥላው ሄዳለች፤ ሞቷል ቢባልም ተርፏል፤ ለምን እንደጣለችው መልስ ይፈልጋል። አዛዥዋ ማለት አንቺ ነሽ። ጥለሽኛል! ሰይድ ደንግጦ "ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው፤ ከመልሶቹ አንዱን መምረጥ ግድ ነው" አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ ደህናውን ጨርቅ ሁሉ ስመልስ ሰነበትኩ። በሕይወት ላለ ባልሽ ያልነገርሽውን ለጌም ነግረሽዋል ብዬ ተቀየምኩሽ። በሞተ ሰው መቀየም እንዲህ አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የሚመልስልሽ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስኩና ሰይድን የክፍል አንድን መጨረሻ አሳየኝ አልኩት። ፋይልሽን ከፈተው። ጌሙ እያንዳንዱን ሙከራ ይመዘግባል ለካ። የመጨረሻው ውጊያ ላይ የቆሰለውን አያሌውን ተሸክመሽ ተራራውን ልታሻግሪው አሥራ አንድ ጊዜ ሞክረሻል። አሥራ አንዱንም ጊዜ ሁለታችሁም በበረዶው ሞታችኋል። በአሥራ ሁለተኛው ዋሻ ውስጥ አስቀመጥሽው። ያለሽን ምግብ በሙሉ፣ መድኃኒቱን፣ ሬዲዮውን፣ ጥይትሽን ሁሉ ለእሱ ትተሽ በባዶ ጠመንጃ ብቻሽን ወጣሽ። ሰይድ እንደነገረኝ ከዚያ ዋሻ የሚተርፈው እንደዚያ ሁሉም ነገር የተተወለት ብቻ ነው። ጥቂት ለራስሽ ይዘሽ ቢሆን ኖሮ ድልድዩ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አይኖርም ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት የነበሩትን ሳምንታት አስታወስኩ። ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማርሽኝ፣ እኔ "ምን አገባኝ" እያልኩ ያጓራሁበት። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ የሚቀመጥበትን ያሳየሽኝ። የበርበሬውን ዕቃ፣ የጨውን ዕቃ፣ ሁሉንም በትልቅ ፊደል የጻፍሽበት። ከሕይወት ጋር ያኮራረፈንን ነገር በግድ ያስታረቅሽበት ስልክ። አንቺ ጓዝሽን ለእኔ እያራገፍሽ ነበር፤ እኔ ሴትዮዋ ሥራ ፈታች ብዬ እቆጣ ነበር። ዳገቱን ለሁለት እንደማትወጪው አውቀሽዋል። ያን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ በአፍሽ ያልነገርሽኝ፣ ብትነግሪኝ ጮኼ ስለማስቆምሽ ነው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝ መጽናናት አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ የሠለጠንኩት ጉድለት በማየት ሆኖ፣ አላየሁም።

ድልድዩ ላይ ተመለስኩ። ሰውየው ለምን ጣልሽኝ ይላል። ከሥሩ አራት መልሶች ተደርድረዋል፦ ይቅርታ መጠየቅ፣ ምክንያት መንገር፣ መተኮስ፣ ጠመንጃን መሬት ላይ ማኖር። እኔ አንቺን ሆኜ ለራሴ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ የምትጠይቂበት የለሽምና። ጠመንጃውን አኖርኩት። ጢማሙ ሰውዬም የደገነውን አወረደና እያጉረመረመ ከፊት ለፊቴ መንገድ መምራት ጀመረ።

ትርንጎዬ፣ ለቅሶሽ ላይ ሁሉም "ድምፅዋ የማይሰማ፣ ለስላሳ ሴት" ብለው አለቀሱልሽ፤ እኔም አንገቴን ነቅንቄ ተቀበልኳቸው። ከእንግዲህ ያን ቃል በፊቴ የሚናገር ሰው ካለ አቋርጠዋለሁ። እልኸኛ ነበረች፣ ትጮህ ነበር፣ አነጣጥራ ትመታ ነበር፣ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቃ አሥራ ሁለተኛውን የምትጀምር ነበረች እለዋለሁ። ለሕይወት ልጅም፣ ጆሮዋ መስማት ሲጀምር፣ የምነግራት እሱን ነው። እስከዚያው ያስቀመጥሽልኝን ስንቅ እየበላሁ እቆያለሁ።

ባለቤትሽ አያሌው
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ