ቅዳሜ እንጨት ተሸካሚ ነሽ

ሃቱሌቴ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን፣ ማክሰኞ

ለልጄ ለኤርሜሊንዳ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፈረሴን ራሴ እጭናለሁ፣ በቆሎዬን ራሴ እፈለፍላለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳላስጽፍ ከጠዋት ጀምሮ እየታገልኩት ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አገር የምትመራ ሴት ማንበብ አያቅታትም።

እሑድ በስልክ ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። «አባዬ፣ ፕሬዚዳንት ከሆንኩ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ‹ምን እናድርግ?› ይለኛል። ጎርፍ ሲመጣ እኔን፣ ሩዝ ሲወደድ እኔን። ተኝቼም ይጠይቁኛል» አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ የአያቶቻችን ቅዱስ ቤት ቅዳሜ ሲከደን አልመጣም አልሽኝ። እኔም ተናድጄ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት።

አሁን ግን የምሥራች አለኝ።

ትናንት ከዋና ከተማው ከዲሊ፣ ከቢሮሽ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ መጣ። «ምናልባት ክብርት ፕሬዚዳንቷ ሐሳባቸውን ከቀየሩ፣ የት ይቀመጣሉ?» ብሎ የቅዱሱን ቤት ጠባቂ አጎትሽን ማውሲያን ጠየቀው።

ማውሲያ የቢትል ቅጠሉን እያላመጠ፣ «ማን ሊያስቀምጣት!» አለ።

«ኧረ አባቴ፣ ፕሬዚዳንት እኮ ናቸው!»

«እዚህ ቤት እሷ ያገባች ልጅ ናት። ያገባች ልጅ ከባሏ ወገን ጋር ለድግሱ ለማዳ ጎሽ እየጎተተች ትመጣለች፤ ቤቱ ተከድኖ እስኪያልቅ እንጨትና ውሃ ትሸከማለች። አጃቢዎቿም እንዲያው። እነዚያ ባለ ጥቁር መነጽሮች ጀርባቸው ሰፊ ነው አሉ፤ ደግ ነው!»

ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። «ንግግርስ አያደርጉም?»

«አንተ፣ ተሸካሚ ንግግር ሲያደርግ የት አየህ?»

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አክስትሽ ሮዛንታማ፣ «ውሃውን መንገድ ላይ ካፈሰሰች እንደ ልጅነቷ ነው የምቆነጥጣት» አለች።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። የእኔን ልጅ! ኋላ ሳስበው ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ያገባች ልጅ በቅዱሱ ቤት ሥራ ላይ ቃል የላትም፤ ምሰሶው ወዲህ ይቁም ወይስ ወዲያ ብሎ የሚጠይቃት የለም። «አምጪ» ትባላለች፣ ታመጣለች። ይገባሻል ልጄ? አንድ ሙሉ ቀን ማንም «ምን እናድርግ?» አይልሽም! የመንደሩ ሹም የመንገድ ማመልከቻ ሊሰጥሽ አዘጋጅቶ ነበር፤ ማውሲያ «በተሸካሚ ላይ ወረቀት አይጫንም» ብሎ መለሰው።

ነይ። አገሩን ለአንድ ቅዳሜ ምክትልሽ ይያዘው፤ አይሰበርም። ማታ እጅሽ ቆሳስሎ፣ ጢስ ጢስ እየሸተትሽ፣ ከሴቶቹ መሐል እንደ ግንድ ትተኛለሽ። የቢሮሽ ሰውዬ ይህን ደብዳቤ ሊወስድ ደጄ ላይ ተጎልቶ ሰዓቱን ያያል። ይጠብቅ።

አያቶችሽ ትከሻሽን ያጽኑልሽ፤ የጫኑብሽን ያህል ጉልበት ይስጡሽ።

በእኔ ስም ለማንም ምንም እንዳትልኪ። ባልሽ ጎሹን ያምጣ፤ ከመንግሥት በረት እንዳይሆን ብቻ። የእኔን ዕዳ እኔው እከፍላለሁ። ለእናትሽ ወንድሞች፣ በሞተች ጊዜ ለሐዘኗ ማውጫ ያልከፈልኩትን አንድ ጎሽ ከዝናቡ በፊት እነዳላቸዋለሁ። ለማውሲያ፣ በአውራ ዶሮ ግጥሚያ ተሸንፌ ያለብኝን አንድ ዶሮ፤ አጭበርብሯል፣ ግን እሰጠዋለሁ። ላንቺ ደግሞ፣ በአሥራ ሁለት ዓመትሽ «ሴት ተምራ ማንን ልትመራ ነው?» ብዬ ደብተርሽን ምድጃ ውስጥ ስለ ጨመርኩት፣ አንድ ይቅርታ። እሱን በወረቀት አልከፍልም፤ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቆሜ እከፍላለሁ።

አባትሽ ቤሬማሊ