የአማቴ ቮልስ

ሰኞ

ወገቤን! የቮልስ ሞተር ቀላል ነው፣ ሁለት ሰው ያወርደዋል ያለኝ ማን ነበር? እሱ ይምጣና ወገቤን ይሸከምልኝ። መኪናው ጓሮ፣ የኒም ዛፉ ሥር ዓመታት ቆሞ የዶሮ ቤት ሆኗል። የኋላ ወንበሩ ላይ ሦስት እንቁላል አገኘሁ፤ እስካሁን ያተረፍኩት እሱን ነው።

ጥፋቱ የአፌ ነው። የዓመት ፈቃድ ወስጄ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወረቀት ክምር ስገላገል «የአባባን ቮልስ ሳላስነሳ ሥራ አልገባም» ብዬ ፎከርኩ። አባባ የባለቤቴ የለሊሴ አባት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እናቷ አዴ ወርቅነሽ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና «መቼ እንጀምር?» አሉ። በወጣትነታቸው እዚሁ ናዝሬት ፋብሪካ መሥራታቸውን አውቃለሁ፤ ሞተር ገጣጣሚ መሆናቸውን ግን ገና አሁን ሰማሁ። ለሊሴን ካገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ምን ላድርግ፣ አማትና አማች ነን። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም። እሳቸው በአንቱታ ያናግሩኛል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ለሊሴ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። «ቀኑን ሙሉ አብረሃቸው ነህ፤ ዓይናቸውን ታዘብልኝ» አለችኝ። ሞራ ይዟቸዋል ብላ ትጠረጥራለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ባለቻቸው ቁጥር «ደህና አያለሁ» ብለው እንቢ።

ማክሰኞ

ትናንት ስታገለው የዋልኩት ብሎን ዛሬ በሁለት ጣት ተፈታ። «ጉልበትዎን ይተዉት፤ ናፍጣ ያጠጡትና ይደር» ብለውኝ ነበር አዴ። ማሳደር የሚባል ነገር አልወድም። ግን ተፈታ!

ዓይናቸውንም ታዘብኩ። ሁሉን ነገር ይዳብሳሉ። «ብረት በጣት ነው የሚነበበው» ይላሉ። የአሮጌው ፒስተን የተበላበትን ቦታ ከእኔ ቀድመው አገኙት። አናቱ ላይ ተቀርጻ ያለችውን ትንሽ ቀስትም ጣቴን ይዘው አስነኩኝ። «ይቺ ወደ ቮላኖው ነው የምትዞረው» አሉ፤ ቮላኖ ያ ከባዱ ክብ ብረት ነው። «በተቃራኒው ከተገጠመ ሞተሩ ይንኳኳል። ሌላውን ቢረሱ ይቺን አይርሱ።»

ለለሊሴ «እናትሽ ከእኔ የበለጠ ያያሉ» አልኳት። አላመነችኝም።

ሐሙስ

አዲሶቹ ፒስተኖች መጡ፣ የሚያብለጨልጩ። ሦስቱን እኔ ገጠምኩ። አዴ አራተኛውን «ይቺን ለእኔ ይተዉልኝ» አሉና ተቀበሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ከአባባ ሞት ወዲህ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ቀስቷ በተቃራኒው ዞራ ገባች።

አየኋት። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። አማቱን «ተሳስተዋል» የሚል አማች የት አገር አለ? ምናልባት እኔ እሆናለሁ የተሳሳትኩት አልኩ። ሲሊንደሩን አለበስን፣ ክዳኑን አጠበቅን። «ጎበዝ» አሉኝ። ጎበዝ! እራት አልበላ አለኝ። ለሊሴ ምን ሆንክ ስትለኝ ወገቤ ነው አልኳት።

ዓርብ

ነገርኳቸው። ሻይ እየጠጡ ነበር፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«አፍሬ ነው፣ አዴ። ይሉኝታ…»

«ሞተር ይሉኝታ አያውቅም! እኔ ሰው ብዬ ሳስተምርህ!»

አንቱታው በዚያው ቀረ። እንደ ቁጣቸው ቢሆን ካቻቢቴውን ይወረውሩብኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቁጭ ብዬ ያሰርኩትን ሁሉ ፈታሁ። ፒስተኑ ሲወጣ ተቀበሉኝና አናቱን ዳበሱት፣ ደጋግመው። «ቀስቷ የታለች?» አሉ። ጣታቸውን ይዤ አስቀመጥኩላቸው። «እዚህ ምንም የለም» አሉ። ያኔ ገባኝ። የአዲሱ ፒስተን ቀስት በቀለም የታተመች ናት፤ ጣት አያገኛትም።

ጎማው ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «ያንተን ፊት ካየሁት ቆየሁ፤ በኮቴህ ነው የማውቅህ» አሉ። ታዲያ ለምን አይታከሙም አልኩ። ለካ ደራ ይኖሩ የነበሩት እናታቸው በስተርጅና ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶባቸው ነበር። «ቢከፍቱትና ቢበላሽስ? ይቺ ጭላንጭል እንኳ ትቅርብኝ?»

«ሞተሩንስ ከፍተነው የለም?»

«ሞተር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፣ ልጄ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፒስተኑን እጄ ላይ አስቀመጡና «ይህን ያበላሸሁትን ካስነሳኸው እሄዳለሁ። ለለሊሴ ግን ራሴ ነኝ የምነግራት» አሉ።

ጉድ! አሁን እኮ ቀልድ አይደለም።

ቅዳሜ

አዲስ ሕግ ወጣ፤ ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «ቀስቷ ወደ ቮላኖው ናት!» «ፋሻው በቦታው ገብቷል!» ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚያቅፈውን ቀለበት ነው። ጎረቤት ጨረታ ያለ ይመስለው ይሆናል። እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ እለፈልፋለሁ። ከሰዓት ሞተሩን መልሰን ሰቀልነው (ወገቤ!)፣ ባትሪ ተዋስን፣ ቁልፉን አዞርኩ።

ምንም። እንደገና። አንዴ አስነጠሰና ዝም።

ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች፤ እናቷ ጠዋት ሁሉን ነግረዋታል። አዴ ጆሯቸውን አስጠጉ። «የካንዴላ ገመድ አለዋውጠሃል። እይና ተናገር።» አየሁ። «አዎ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ቀየርኩት።

ተነሳ! ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፣ ለሊሴ እልል አለች። አዴ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው «ይንኳኳል?» አሉ። አይንኳኳም አልኩ። «እውነቱን?» እውነቴን ነው። «ያ ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔም አለቀስኩ፤ በጭሱ አሳብቤ።

ረቡዕ

ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ቦሎው ሦስት ቀን በላብኝ። ዛሬ ጠዋት ግን አዴን ከፊት፣ ለሊሴን ከኋላ አድርጌ በቮልሱ ወደ ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። በቃላቸው ተገኙ። ከቤት እስከዚያ የበሩን እጀታ እንደጨበጡ ነበሩ።

ሊገቡ ሲሉ ወጣቱን ሐኪም ክንዱን ያዙት። «ስማ ልጄ፣ ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ። አሮጊት ናት ብለህ ዝም እንዳትል።» ልጁ ግራ ገባው፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

አንዱ ዓይን ተሠራ። ሐኪሙ በደህና አልቋል ብሎናል፤ ግን ምን ያህል እንደሚያዩ ነገ ሽፋኑ ሲከፈት ነው የሚታወቀው። ስንመለስ ለሊሴ «ነገ መጀመሪያ ምን ማየት ነው የሚፈልጉት?» አለቻቸው። «አንቺን» ይሉኛል ብላ እኮ ነው፣ ምስኪን።

«አራተኛዋን ቀስት» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። እኚህ ሴትዮ የምራቸውን ነው። ብቻ ዓይናቸው ይብራላቸው እንጂ፣ ሞተሩን ነገ ጠዋት መልሼ አወርደዋለሁ፣ ወገቤም ገደል ይግባ።