እንቁላሏን ማን ቀቀላት?

ጥቅምት 6

ብዕሩን የያዘው ልብስ ሰፊው ነው። የጓሮዋን ክፍል የተከራየኝ፣ ጣቱ ሁሌም በመርፌ የተወጋ፣ ቀጭን ሰው። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ኩንታል ስሸከም ማንም አንብብ ብሎኝ አያውቅም።

ይኸን ያመጣችው ነርሷ ናት። ጉልበቴን ልታይ ትመጣና ክንዴን በሜትር ትለካለች። "አባባ፣ ሰውነትዎ እያለቀ ነው። የሚበሉትን በየቀኑ ያስጽፉ" አለች። እሺ። ይኸው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጥሬ እንቁላል፣ በብርጭቆ፣ በአንድ ትንፋሽ። ዳቦ። ልብስ ሰፊው ያፈላው ሻይ። አለቀ።

ጥሬ ስላት ፊቷን አጨማደደች። "ጥሬው ብዙው ሳይጠቅምዎት ያልፋል። ፕሮቲኑን ሰውነት በደንብ የሚይዘው ሲበስል ነው። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ጥሬ እንቁላል ሆድዎን ቢያጣድፍዎት ማን ያነሳዎታል?"

እኔን? እኔን ማን ያነሳኛል? መጋዘኑ ውስጥ ስሜ "ክሬኑ" ነበር። ሁለት ሰው የሚያቃስትበትን ጆንያ ብቻዬን መኪና ላይ የምወረውር። ጥሬ ጠጥቼ ነው። እሳት የእንቁላልን ጉልበት ይበላዋል አልኳት። ሳቀች። ሚስቴም እንዲሁ ትስቅ ነበር።

ሚስቴ ከሞተች ስምንት ወር ሆናት። ልጄ አብራኝ ከርማ ባለፈው ሳምንት ወደ ባሏ ተመለሰች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ደስ ይላል።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ። ምን ታፈጣለህ! ደስ ይላል ብያለሁ፣ ጻፍ።

ጥቅምት 9

ዛሬ ነገር አለ። ጠዋት እንደ ልማዴ ከመደርደሪያው ሁለት እንቁላል አነሳሁ። አንደኛዋን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ሰበርኳት፣ ፈሰሰች። ሁለተኛዋን መታኋት... አትፈስም። ደግሜ መታኋት። ቅርፊቷ ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ነጭ። ጠጣር። ተቀቅላለች።

ቤቴ ውስጥ እንቁላል የሚቀቅል ሰው የለም። የነበረችው አንዲት ነች።

ጎረቤት ላለው ውሻ ወረወርኩለት። ዋጠው።

ጥቅምት 10

ስለ ትናንቱ ልጄ እንዳትሰማ። ልብስ ሰፊውን አስምዬዋለሁ።

ምክንያት አለኝ። ባለፈው ወር ቧንቧ ከፍቼ ረሳሁና ወለሉ ኩሬ ሆነ። ያን ጊዜ ጣቷን ቀስራ፣ "አባዬ፣ ውሃ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እሳት ላይ አንድ ነገር ጥደህ ብትረሳ ግን በዚያው ቀን ነው የምወስድህ" አለችኝ። የሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ባሏ ደግ ነው፣ ክፍሉም ሰፊ ነው... እዚያ ምን እሆናለሁ? ጥግ ላይ እንደተራገፈ ጆንያ። የዚህን ቤት ድንጋይ በጫንቃዬ ነው ያመጣሁት። ከዚህ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው።

ታዲያ እንቁላሏን እኔ ቀቅዬ ረስቼ ቢሆንስ? ... ጻፍ። ቢሆንስ?

ጥቅምት 13

የተቀቀሉት ሁለት ሆኑ።

ልብስ ሰፊውን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አንተ ነህ? እጁ ቆመ። "ጋሼ፣ እኔ ለራሴስ መቼ ቀቅዬ በላሁ!" እውነቱን ነው። ይኸ ሰው በዳቦና በሻይ ነው የሚኖረው። ክርም ሳይበላ አይቀርም።

ጥቅምት 15

ጠዋት ነቃሁ። ኳ... ኳ... ኳ። ውሃ ውስጥ እንቁላል ከድስት ጋር ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ። ዕድሜ ልኩን የሰማው ሰው አይሳሳተውም። ሚስቴ ለራሷ ስትቀቅል ነበር የሚቀሰቅሰኝ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ! ግድግዳ ይዤ ኩሽና ደረስኩ። ቡታጋዙ በረዶ። ድስቷ በአፏ ተደፍታለች፣ ደረቅ ናት።

አንቺ ነሽ? አልኩ። ጮክ ብዬ።

ይኸን አትጻፍ። ... ግድ የለም፣ ጻፈው።

ጥቅምት 17

መላ ዘየድን። ትናንት ልብስ ሰፊው ነጭ ክር አመጣና ድስቷን ከቡታጋዙ ጋር አሰራት። ክብሪቱን ኪሱ ከቶ ሄደ። በእንቅልፍ ልቤም ብነሳ ክሩን ሳልበጥስ ድስት አላነሳም።

እንቁላል ሻጯ ትናንት ስትመጣ ክሩን አይታ፣ "አባባ፣ ይቺ ድስት ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?" ብላ ስቃ ነበር። ጉልበቴን ስለምታውቅ እንቁላሉን ሁሌም ራሷ መደርደሪያው ላይ ደርድራልኝ ነው የምትሄደው። ደህና ሴት ናት። ሚስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃት ነበር።

ዛሬ ጠዋት አየን። ክሩ አልተነካም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አሾርናቸው። ይኸ የሚስቴ ዘዴ ነው። ጥሬዋን ስታሾራት እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። የተቀቀለችው ቀጥ ብላ እንደ እንዝርት ትሾራለች።

አንዷ ሾረች። ሌላዋ ተንገዳገደች። ሌላዋ ሾረች። ሌላዋም... ሌላዋም...

ግማሾቹ።

ልብስ ሰፊው ፊቱ አመድ መሰለ። "ጋሼ፣ እኔ መናፍስት ምናምን አላምንም" አለ።  ጓሮውን እያየ ደግሞ፣ "ብቻ እትዬን ይንገሯቸው፣ በጓሮ በኩል አይምጡ" አለ።

ደስ አለኝ። ለምን በለኝ? እኔ አይደለሁማ! ጭንቅላቴ ደህና ነው። ... ከዚያ ደግሞ ደስታው ቆመ። እኔ ካልሆንኩ እሷ ናታ።

ጥቅምት 20

ጥሬዎቹን መርጬ ጠጣሁ። የበሰሉትን ውሻው በላ። የሙት እጅ የነካውን አልበላም። ሌላ ምግብ ዘግቶኛል... አይወርድም።

ጥቅምት 22

ነርሷ መጣች። ክንዴን ለካች። እንደገና ለካች። ሜትሩን ዝም ብላ ጠቀለለችው።

"አባባ፣ እንቁላሉን ቀቅለው እየበሉ ነው ወይስ አሁንም...?"

ምን ልበላት? የሞተች ሚስቴ እየቀቀለችልኝ ለውሻ እየሰጠሁ ነው ልበላት? የጎረቤት ውሻ ጡንቻ አውጥቷል። ፕሮቲኑን እሱ ወሰደው።

ነርሷ ለልጄ ደወለች። እኔ ፊት! ልጄም ለእኔ ደወለች። ድምፅዋ የእናቷ ነው... ስልክ ላይ አይለይም። "አባዬ፣ እሁድ እመጣለሁ። ልብስህን አሰናዳ።" ልመና አይደለም፣ ጥያቄም አይደለም። አሰናዳ።

ጥቅምት 23

ኳ ኳ ኳ። ዛሬም።

ተይኝ አልኳት። ተይኝ እባክሽ፣ ምን አደረግኩሽ? ዕድሜ ልክሽን "ጥሬ የሚበላው ድመት ነው" እያልሽ ስትነዘንዢኝ አልመለስ ስላልኩሽ ነው? ሞተሽም ትነዘንዢኛለሽ?

በሕይወት ሳለች እንዲህ ብላት ሁለት ቃል ትመልስልኝ ነበር። ሁለተኛው ቃል ሁሌም ያስቀኝ ነበር።

ዝም አለች።

ጥቅምት 24

ዛሬ ረጅም ነው። ልብስ ሰፊው፣ ቀለም አለህ? ጻፍ።

እንቁላል ሻጯ መጣች። አርፍዳ ነው የመጣችው፣ እያለከለከች። ደረደረችና "በሉ አባባ፣ ደህና ዋሉ" ብላ ወደ በሩ። እኔ መደርደሪያውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። እጄ አንዷ እንቁላል ላይ አረፈ።

ትሞቃለች።

ዶሮ ያሞቀችው ሙቀት አይደለም። ሌላዋን ነካሁ። ትሞቃለች። ሁሉም ይሞቃሉ። አንዷን ጠረጴዛው ላይ አሾርኳት። ቀጥ ብላ ሾረች። ሌላዋን። ሾረች። ሌላዋን... ጠረጴዛው ላይ ሁሉም እየሾሩ፣ አንዳቸውም ሳይንገዳገዱ። ዓይኔ ዞረ።

"ነይ እስቲ!" አልኩ። መጋዘን ውስጥ የምጮኸውን ጩኸት ነው የጮህኩት። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"እነዚህን ማን ቀቀላቸው?"

ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። "ዛሬ መጨረሻው ነበር እኮ አባባ። ሁሉም በስሎ የሚመጣበት ቀን ነበር። ስለዘገየሁ ሳይቀዘቅዝልኝ ይዤው መጣሁ።"

"ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?"

"ማን ይላል ደግሞ! እትዬ ናቸዋ።"

ተቀመጥኩ። ወንበሩን ማን እንዳቀረበልኝ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ አልጋ ላይ ሳለች፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ፣ ይቺን ልጅ አስቀምጣ አደራ አለቻት። "ስሞት ወዲያው እንዳትጀምሪ። ቤቱ ሰው እስኪለቀው፣ ልጄም እስክትሄድ ጠብቂ። ብቻውን ሲቀር አንዲት የተቀቀለች ጨምሪለት። ቀጥሎ ሁለት። ዝግ ብለሽ። ከቸኮልሽበት እንደ በቅሎ ይቆምብሻል።"

"ብናገር ሰማኝ? አልሰማኝም" አለቻት አሉ። "እንግዲህ እጁ ላይ ነው የማስቀምጥለት። ክሬን ይሉታል እንጂ ድስት ማንሳት አያውቅበትም። ምግብ ግን አይጥልም። በስሎ ካገኘው እየተሳደበ ይበላዋል።"

እየተሳደበ ይበላዋል... አየህ? አወቀችኝ። እንዴት እንደምሳደብ፣ እንዴት እንደምቆም፣ ከማን በኋላ ብቻዬን እንደምቀር። ሁሉን አወቀች። አንድ ነገር ብቻ ሳተች። እፈራታለሁ ብላ አላሰበችም። እንዴት ታስብ? በሕይወቴ ፈርቻት አላውቅም።

እንቁላል ሻጯ "ምን አደረጓቸው? በሏቸው አይደል?" አለችኝ። ውሻው ግቢ ውስጥ ጅራቱን እየቆላ ቆሟል።

አዎ አልኳት።

ማታው ሳይመጣ አንዷን ላጥኳት። ገና ለብ ትል ነበር። በጨው በላኋት። እየተሳደብኩ።

ጥቅምት 25

እሁድ። ልጄ መጣች፣ ባሏ መኪና ውስጥ ሞተር ሳያጠፋ እየጠበቀ። ሻንጣዬን በዓይኗ ፈለገች። ሻንጣ የለም።

እኔ ኩሽና ነኝ። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጥሶልኛል፣ ክብሪቱንም መልሶልኛል። ድስት ጥጃለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ኪሎ ውሃ ማንሳት ከኩንታል ይከብዳል... ደግሞ ሰው ያይሃል።

"አባዬ! እሳት?!"

"ቁሚ። አትንኪብኝ። አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ እስኪያልቅ አልሄድም።"

ቆመች። የውሃው ድምፅ ተጀመረ። ኳ... ኳ... ኳ። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ። "የእማዬ ጠዋት" አለች፣ ቀስ ብላ። 

ስንበላ ሁሉን ነገርኳት። ክሩን፣ ውሻውን፣ አደራውን። በሳቅ ፈረሰች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ወጥታ ባሏን ሞተሩን አጥፋ አለችው። ገባና እሱም በላ። እስከ ወር መጨረሻ ሰጥታኛለች። ነርሷ ክንዴን ትለካለች፤ ከሞላ እዚሁ ነኝ። ካልሞላ ፎቅ። ተስማምተናል። እጅ ተጨባበጥን፣ እንደ ወንድ።

አሁን ሄደዋል። ልብስ ሰፊውም እጁ ዝሏል፣ ይታየኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እንቁላሎቹን ያመጣቻቸው እንቁላል ሻጯ ናት፣ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት የሰማሁትን ድምፅ ግን እሷ አላመጣችውም። ጠይቄያታለሁ። ማን እንደሆነ አልጠይቅም ከእንግዲህ። ነገ ጠዋት ብሰማው ተነስቼ አልሮጥም። ውሃውን አብዝቺው እላታለሁ፣ ሁለት ነው የምበላው።

በል አሁን አንብብልኝ። ከመጀመሪያው። እንደዚያ ወደ እኔ ዞረህ አይደለም፣ እኔማ አውቀዋለሁ። ወደ ኩሽናው ዙር። ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ እሷም እንደ እኔ ማንበብ አታውቅም።